ሞደም ሲጮኽና ሲዘም
(በሬዲዮ የተነገረ)



የዛሬው ጉዳያችን ትንሽ መስሎ ቢታይም የመንግሥትን ንብረት ከብክነት የሚያድን ነው።

የኢንተርኔት አገልግሎት በአገራችን በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር መልእክቱ ወደየቤቱና ወደየመሥሪያ ቤቱ የሚደርሰው በተራው የስልክ ሽቦ ነበር። ስልክ የተሠራው ለሰው ንግግር ስለሆነ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ ነው። ስለዚህ ሞደም የኮምፒዩተሩን ቁጥር ወደ ድምፅ ይለውጣል፤ ማዶ ያለው ሞደምም ድምፁን መልሶ ቁጥር ያደርገዋል። ያ የምናውቀው ጩኸት እንግዲህ የሁለቱ መሣሪያዎች ሰላምታና ውል ነው።

አሁን በእጅ ስልክ ዘመን በቆቦ ከተማ የሚሠራ አንድ የመዝገብ ሠራተኛ እናስብ። በአሮጌ ኮምፒዩተር፣ በዊንዶውስ 98፣ የራያ ቆላ ገበሬዎችን የማሽላ መዝገብ ወደ ወልድያ በፋክስ ሊልክ ይነሣል። ሞደሙ ግን አንዳች ድምፅ አያሰማም። ሠራተኛውም «ሞቷል» ብሎ መሣሪያው እንዲወገድ ማስታወሻ ሊጽፍ ብዕሩን ያነሣል።

ወዳጄ፤ ብዕርህን ጥቂት አቆየው። ዝምታ ሁሉ ሞት አይደለም። ብዙ ሞደሞች የራሳቸው ትንሽ ድምፅ ማጉያ ስላላቸው፣ የኮምፒዩተሩን የዘፈን ድምፅ ከፍ ብታደርግ ለሞደሙ አይረዳውም። ይልቁንስ ኮንትሮል ፓነልን ክፈት፤ ሞደምስ ወደሚለው ግባ፤ ፕሮፐርቲስን ተጫን። በዚያ የድምፅ ማጉያው መጠን ወደ መጨረሻው ዝቅታ ተገፍቶ ከሆነ ከፍ አድርገው። ምናልባት ጩኸቱ የሰለቸው ባልደረባ ከዓመታት በፊት ዘግቶት ይሆናል።

ድምፁ ከተመለሰ በኋላ በጥሞና አድምጥ፤ ሕመሙን ራሱ ይነግርሃል። የመደወያው ድምፅ ጨርሶ ከሌለ የስልኩን ሽቦ ከግድግዳው ነቅለህ ተራ ስልክ ሰክተህ ሞክር፤ እርሱም ዝም ካለ ጥፋቱ የመስመሩ እንጂ የሞደሙ አይደለም። ቁጥሩ ከተደወለ በኋላ የመደወያው ድምፅ ሳይቋረጥ ከቀጠለ አሮጌ የስልክ ማዕከል አጋጥሞህ ይሆናልና አደዋወሉን ከቶን ወደ ፐልስ ለውጥ። ማዶው መልሶ ጩኸቱ መካከል ላይ ከተቋረጠም የሚያንኮሻኩሽ መስመር ወይም የላላ መሰኪያ ፈልግ።

ጩኸቱ ጥቂት ቆይቶ ጸጥ ቢል ግን አትደንግጥ። ውሉ ሲጸና ሞደሙ ማጉያውን በራሱ ይዘጋል፤ ያ ዝምታ የሥራ ዝምታ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ዕቃን «አያገለግልም» ብሎ ከመፈረም በፊት አንዲት ሰዓት ማድመጥ ከሠራተኛ የሚጠበቅ ግዴታ መሆኑን አንርሳ።