የበሽታው ስም፦ ስለ አንጎል ካንሰር አዳዲስ ሕክምናዎች የተደረገ ንግግር

አዘጋጆቹ "በአንጎል ካንሰር ላይ ስላለው አዲስ ምርምር አጠር አድርገሽ ንገሪን" ብለውኛል። አጠር አደርጋለሁ፤ ግን ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከሮብ ገበያ ልጀምር።

ከዓመታት በፊት ከሮብ ገበያ አንዲት እናት ወጣት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ራሱን ያመዋል፣ ጠዋት ጠዋት ያስመልሰዋል። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለስ ወድቆ ተንቀጠቀጠ። "ምች ነው የመታው ብዬ ዳማ ከሴ እያሸሁት ከረምሁ" አሉኝ። ምስል ሲነሣ አንጎሉ ውስጥ ዕጢ ተገኘ፤ ቀዶ ሕክምናም ተደረገለት። ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ግን በፎርማሊን ፋንታ በጨው ውሃ ተነክሮ ቀናት ስለ ቆየ ለምርመራ ሳይሆን ቀረ። ናሙናውን የላክሁት እኔ አይደለሁም፤ ግን በምን ተነክሮ እንደ ሄደ አልጠየቅሁም። እናቱ "ታዲያ የልጄ በሽታ ስሙ ማን ይባላል፣ ዶክተርዬ?" ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ልጁ ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ። ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የሚገርመው ምንድን ነው? ሕዝባችን ምች ከሚላቸው ነገሮች አንዱ ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል ነው፤ እሱ ደግሞ የሄርፒስ ቫይረስ ሥራ ነው። በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቶሞኪ ቶዶና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ቫይረስ ሦስት ጂኖቹን አሰናክለው ለአንጎል ካንሰር መድኃኒት አድርገውታል። ጤነኛ ሴል ውስጥ እንዳይራባ ተደርጓል፤ ካንሰሩ ውስጥ ግን ይራባል፣ ሴሉን ያፈርሳል፣ የሰውነትንም መከላከያ ይቀሰቅሳል። አስቸጋሪ ቢሆን እንኳ እኛ የምናውቀው አሲክሎቪር ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመው ጥናታቸው 19 ሕሙማን ነበሩ፤ ሕክምናው ከተጀመረ ከአንድ ዓመት በኋላ 84 በመቶው በሕይወት ነበሩ። ጃፓን መድኃኒቱን በ2021 በገደብ ፈቅዳለች።

ሁለተኛው ደግሞ የፖሊዮ ቫይረስ ነው። ስንቶቻችን ነን በተማሪነታችን የበረዶ ሣጥን ተሸክመን ቤት ለቤት ጠብታውን ያደልን? አሜሪካ በሚገኘው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ያንኑ የክትባት ቫይረስ ወስደው፣ ነርቭ እንዳይጎዳ ከጉንፋን ቫይረስ ቁራጭ ቀጠሉበት፤ በቀጭን ቱቦም በቀጥታ ዕጢው ውስጥ ያስገቡታል። በ2018 በወጣው ውጤት፣ ግሊዮብላስቶማ ካገረሸባቸው 61 ሕሙማን 21 በመቶው ሦስት ዓመት ኖረዋል። ከዚያ በፊት ከነበሩ ተመሳሳይ ሕሙማን እዚያ የደረሱት 4 በመቶ ገደማ ነበሩ።

ግን ወገኖቼ፣ እንዳንቸኩል። ሁለቱም ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፤ ሕሙማኑ በዕጣ ተመድበው ከሌላ ሕክምና ጋር አልተነጻጸሩም። ቶካ 511 የተባለው ሌላ ቫይረስ በጅምሩ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ 403 ሕሙማን በተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ሲፈተን ግን በ2019 ዕድሜ እንደማያራዝም ታወቀ።

ዒላማ ለይተው ከሚመቱት መድኃኒቶች መካከል ደግሞ ቮራሲዴኒብ የሚባል በአፍ የሚወሰድ እንክብል አለ። የሚሠራው አይዲኤች የተባለው ጂን በተለወጠባቸውና ቀስ ብለው በሚያድጉ ዕጢዎች ላይ ነው። 331 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበትን ጊዜ ከ11 ወር ወደ 28 ወር ገደማ ከፍ አድርጎታል፤ አሜሪካ በ2024 ፈቅዳዋለች። ጂኑ ላልተለወጠበት ሰው ግን ምንም አይሠራለትም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቫይረሱም እንክብሉም በር ላይ የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ ነው፦ የዕጢው ስም ማን ነው? ያው የሮብ ገበያዋ እናት ጥያቄ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2021 ወዲህ ግሊዮብላስቶማን የሚሰይመው የአይዲኤችን ሁኔታ አይቶ ነው፤ ማይክሮስኮፕ ብቻውን አይበቃም።

ተስፋ የለንም አልልም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2006 ከኖርዌይ የበርገን ሐኪሞች ጋር የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ሲጀምር በአገሪቱ የነበሩት ቀዶ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ አገር ውስጥ የሠለጠኑት በየክልሉ ይሠራሉ። ዕጢው እየወጣ ነው፤ የቀረን የወጣውን በአግባቡ መያዝና መሰየም ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ልለምን። መምህራን ሆይ፣ ኢንተርኖች ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሲወጡ "ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ነው ወይ?" ብለው መጠየቅን እንደ ደም ግፊት መለካት ይልመዱት። ውጭ አገር ያላችሁ ጓደኞቼ፣ መለዋወጫ የማይገኝለት ትልቅ ማሽን ከምትልኩልን ይልቅ አይዲኤችን በቀለም የሚለየውን ፀረ እንግዳ አካል በየጊዜው ብትልኩልን ይሻላል። ሁሉንም ለውጥ አይዝም፣ ግን በእነዚህ ዕጢዎች ላይ ከሚታዩት የአይዲኤች ለውጦች 90 በመቶ ገደማውን ያሳያል፤ ተራ የፓቶሎጂ ክፍልም ሊሠራበት ይችላል። ሦስተኛ፣ በፓራፊን የተቀመጠውን ናሙና አንጣል፤ ዛሬ የማንችለውን ምርመራ ከዓመታት በኋላ ከዚያው ልንሠራ እንችላለን።

ይህ ቢሟላ ያ ልጅ ይድን ነበር አልልም። እናቱ ግን የልጃቸውን በሽታ ስም ይዘው ወደ ሮብ ገበያ ይመለሱ ነበር። ያን ያህል ዕዳ አለብን።