የፈረስ ሜዳውና የቁማር መኪናው



በፈረስ ውርርድና በቁማር መኪና መካከል ያለው ልዩነት የአሠራር ልዩነት ነው። በእሽቅድምድም ተወራራጆች ገንዘባቸውን ባንድነት ያዋጣሉ፤ ሜዳው ድርሻውን ከቀነሰ በኋላ ቀሪው ለአሸናፊዎች ይከፋፈላል። ውርርዱን በራሱ የሚደምረው የመሐንዲሱ የጆርጅ ጁሊየስ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1913 በኒውዚላንድ በኤለርስሊ ሜዳ ተተክሏል። በቁማር መኪና ግን ተጫዋቹ የሚገጥመው ባለቤቱን ነው፤ የረጅም ጊዜው ትርፍም አስቀድሞ በስሌት ተወስኗል። መኪናው ጋላቢም ሆነ ገፈራ አይሻም።

የካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ሁለቱን ባንድ ጣሪያ ሥር አገናኘች። እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረው ዕቅድ መሠረት፣ በሜዳዎቹ ከተተከሉት መኪናዎች ገቢ ከመቶ 10 እጅ ለሜዳው፣ 10 እጅ ደግሞ በአብዛኛው በሽልማት መልክ ለባለፈረሶች ይሰጥ ነበር። ሽልማቱ አደገ፤ አርቢውም በዚሁ ተማምኖ አረባ። ይሁን እንጂ ይህ ገንዘብ ከእሽቅድምድሙ ተመልካች የመጣ አልነበረም።

መንግሥት በ2012 ዕቅዱን እንደሚያቋርጥ አስታውቆ በማርች 2013 መጨረሻ አቆመው። የዊንዘር ሜዳ መኪናዎቹ በተነሡበት በ2012 ተዘጋ። ማስታወቂያው የሰጠው ጊዜ አንድ ዓመት ያህል ነበር። ባዝራ ግን አሥራ አንድ ወር ታረግዛለች፤ ግልገሉም ለውድድር የሚደርሰው በሁለት ዓመቱ ነው። ስለዚህ አርቢው ሦስት ዓመት ቀድሞ የጀመረውን ሥራ በአንድ ዓመት ሊያጥፈው አልቻለም። በኋላ ሌላ ድጎማ ቢዘጋጅም፣ አስቀድሞ የተሸጠውና የተበተነው መንጋ በትእዛዝ አልተመለሰም።

መሐንዲስ ጊዜያዊ ድጋፍ ሲያቆም፣ ድጋፉ በሚነሣበት ቀን ሕንፃው በምን እንደሚቆም አስቀድሞ ያሰላል። በኦንታሪዮ ሜዳዎች ድጋፉ ምሰሶ ሆኖ ሳለ ይህ ስሌት አልተሠራም።