ያገለገለ መኪና ስንሸጥ፦ የት? በማን በኩል?

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ማኅበራችን ታሪክ የሚናገሩ ሌሎች ስላሉ፣ የበዓሉ አዘጋጆች እኔን ስለማውቀው ሥራ እንድናገር ጋበዙኝ። እኔ የማውቀው መኪና ነው። እንደምታውቁት እዚህ ሞያሌ ከምንኖረው ብዙዎቻችን በስማችን ቤትም መሬትም የለንም። ያለችን ጥሪት በጎማ ላይ የቆመች ናት። ልጅ ኮሌጅ ሲገባ፣ ሰው ሲታመም፣ ወይም ጠቅልለን አገር ቤት ስንገባ የምትሸጠው እሷው ናት። በሽያጭ ላይ የሚባክነውም ገንዘብ የቤተሰብ ጉሮሮ ነው።

መኪና ሊሸጥ ያሰበ ሰው ቤቴ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ጋሼ፣ ጥሩ ደላላ ያውቃሉ?» ብሎ ነው። እኔም መልሼ «የት ልትሸጣት አስበሃል?» እለዋለሁ። ቦታው ሳይቆረጥ ደላላ መፈለግ መንገዱን ሳያውቁ መሪ እንደ መቅጠር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ዓይናችንን የሚስበው ከድንበሩ ማዶ ያለው ገበያ ነው። ቅርብ ነው፣ ዘመድም አለን። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ በቀኝ መስመር ስትነዳ ኬንያ በግራ ናት። የኛ መኪና መሪ በቀኝ በኩል ስለሆነ ለማዶ መንገድ አይመችም፤ በሕጋዊ መንገድ አስገብቶ ታርጋ ማስለጠፍም የማይታሰብ ነው። በተገላቢጦሽም፣ በጊዜያዊ የጉምሩክ ፈቃድ ወደ ኬንያ የገባ የኢትዮጵያ ታርጋ ያለው መኪና ቀረጥ ሳይከፈልበት እዚህ ሊሸጥ አይችልም። ስለዚህ «ማዶ ጥሩ ገዥ አለኝ፣ በሌሊት እናሻግራለን» ከሚል ደላላ ጋር ሻይ እንኳ ባትጠጡ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ የሚቀረን ሞያሌ፣ ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎና ናይሮቢ ነው። ምርጫው እንደ መኪናው ነው። ላንድክሩዘር ፒክአፕ ወይም ከብት የሚጭን አይሱዙ ከሆነ ገዥው እዚሁ ሰሜን ውስጥ ነው፤ ናይሮቢ ድረስ መሄዱ ነዳጅ ማባከን ነው። የቤት መኪና ከሆነ ግን ሞያሌ ውስጥ ገዥው ጥቂት በመሆኑ ዋጋው ይወድቃል፤ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነድቶ ናይሮቢ ማድረሱ ያዋጣል። እዚያ ግን ከሞምባሳ ወደብ ከሚመጡት ጋር መወዳደራችሁን አትርሱ። ኬንያ የምታስገባው ያገለገለ መኪና ከ8 ዓመት ያልበለጠ ስለሆነ፣ የናይሮቢ ገዥ ዓይኑ የለመደው አዲስ መሰሉን ነው። ደግሞም «ከሞያሌ የመጣ» ሲባል የድሮው የጠጠር መንገድ ትዝ ይለዋል። አስፋልቱ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ከመጠናቀቁ በፊት ወደ ኢሲዮሎ የሚወስደው መንገድ ባሌስትራና ሻንሲ ይፈጅ እንደነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከዚያ በኋላ የተገዛ መኪና ከሆነ የግዢና የጥገና ደረሰኙን ይዛችሁ ሂዱ።

ጊዜውም ቦታውን ያህል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2023 በነበረው ድርቅ ከብቱ አለቀ፤ የሚጫን ከብት ሲጠፋ የጭነት መኪና የሚፈልግ ጠፋ። በዚያን ጊዜ ችግር አስገድዷቸው አይሱዙ የሸጡ ወንድሞች ዛሬ እዚህ መካከላችን አሉ፤ ዋጋውን እነሱ ይንገሯችሁ።

አሁን ወደ ደላላው ልምጣ። እኔ ራሴ የተሞኘሁት በዚህ ነው። አንድ ጊዜ የቤት መኪናዬን ናይሮቢ ለመሸጥ አስቤ፣ እዚሁ ሞያሌ የማውቀውን፣ በለቅሶም በሠርግም የማይለየኝን ሰው ደላላ አደረግሁ። ሰውየው ሌባ አልነበረም። ናይሮቢን ግን አያውቅም። ለሌላ ደላላ ሰጠው፣ ያም ለሦስተኛ ሰጠ። መኪናዬ የማላውቀው ግቢ ውስጥ ሁለት ወር ቆመ፤ የማቆሚያ ኪራዩን የከፈልኩት እኔ፣ ባትሪውና ትርፍ ጎማው ግን የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። በመጨረሻም ሦስቱም ኮሚሽን ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ደላላ የምመርጠው ከሚሸጥበት ከተማ ነው፤ ባለፈው ዓመት በእሱ በኩል የሸጡ ሁለት ሰዎችን ስልክ ካልሰጠኝ አልዋዋልም። ደውዬም የምጠይቀው «ጥሩ ሰው ነው?» ብዬ አይደለም። «ገዥው ስንት ከፈለ፣ አንተ እጅ ስንት ገባ?» እላለሁ። ደላላው ለእናንተ 900 ሺህ ሽልንግ ብሎ ለገዥው 1 ሚሊዮን 50 ሺህ ቢለው፣ ልዩነቱ ከኮሚሽኑ ሌላ ኪሱ ይገባል። ስለዚህ ከገዥው ጋር ሳትገናኙ ዋጋ አትቁረጡ። የኮሚሽኑም ልክ አስቀድሞ በወረቀት ይስፈር።

ሎግቡኩን፣ እኛ ሊብሬ የምንለውን፣ «ለገዥ ላሳይ» ቢላችሁ ፎቶ ኮፒ ስጡት። ዋናው ከእናንተ እጅ አይውጣ።

ከሁሉ የከፋው ግን ስም ሳያዛውሩ መሸጥ ነው። ፒክአፔን እዚሁ ለማውቀው ሰው ሸጬ፣ በሦስት ምስክር ተፈራርመን ተለያየን። ከስምንት ወር በኋላ ከኢሲዮሎ ፖሊስ ተደወለልኝ፤ መኪናው ሰው ገጭቷል። የኬንያ የትራፊክ ሕግ፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ፣ ስሙ የተመዘገበውን ሰው ባለቤት ነው ይላል። ከሽያጭ በኋላም መኪናው በአዲሱ ባለቤት ስም ሳይመዘገብ ከ14 ቀን በላይ መንገድ ላይ መነዳት የለበትም። እኔ ይህን የተማርኩት ኢሲዮሎ ስመላለስ ነው። ዛሬ ዝውውሩ በኢሲቲዝን በኩል ስለሚፈጸም፣ የገዥና የሻጭ የግብር ቁጥር ካለ ሁለቱም በየስልካቸው ያጸድቁታል። ገንዘቡ ባንክ መግባቱን ሳታረጋግጡ አታጽድቁ፤ ዝውውሩ ሳያልቅም ቁልፍ አትስጡ።

አንዲት እህታችን፣ ባለቤቷ ካረፈ በኋላ፣ አይሱዙውን ልትሸጥ ስትል አንድ ደላላ «ያለ ፍርድ ቤት እጨርስልሻለሁ፣ የሟቹን ፊርማ እኛው እንፈርማለን» አላት። ደግነቱ ጠየቀችን። በሟች ስም ያለ ንብረት የሚሸጠው ፍርድ ቤት የውርስ አስተዳዳሪ አድርጎ ከሾመ በኋላ ነው። ወራት ፈጅቷል፤ አልዋሻችሁም፣ በዚያ መካከል የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ያዋጣነው እዚህ ያለነው ነን። መኪናው በኋላ ማርሳቢት ውስጥ በስሟ፣ በትክክለኛ ዋጋ ተሸጠ። ለፍርድ ቤቱ የገባውን የማመልከቻ ቅጂ ፈቅዳልኝ ይዤዋለሁ፤ ማየት የምትፈልጉ ከምሳ በኋላ እዚሁ ድንኳኑ በር ላይ ታገኙኛላችሁ።