ከእንቅልፍ የነቃ ኮምፒዩተር ምስሉ ለምን ይዛባል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ለበዓል ያነሰ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን አራት ላፕቶፖች ስክሪናቸው ተበላሽቷል ተብለው ዕቃ ቤት ሊገቡ፤ ወላጆቻችንም ለአዲስ ስክሪን ገንዘብ እንዲያዋጡ ሊጠየቁ ነበርና፤ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ላፕቶፖቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው የ21 ዓመት ወጣት ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊገለገልበትና ውስጡን ሊመረምር ይችላል፤ ጀማሪው እንደ እኛ ተማሪ መሆኑም ደስ ያሰኘናል።

መብራት በሄደ ቁጥር ባትሪ እንዳያልቅ ክዳኑን እንከድናለን፤ ኮምፒዩተሩም ይተኛል። ስንከፍተው ግን ፊደሉ ተቦጫጭቆ፤ መስመር ተጋድሞበት፤ ወይም ምስሉ እየተንቀጠቀጠ እናገኘዋለን። ከአራቱ ሦስቱ ግን አጥፍተን ስናበራቸው ደኅና ይሆናሉ። ይህ ትልቅ ምስክር ነው። ምንም እንኳ የላላ ሽቦ አንዳንድ ጊዜ ቢያታልልም፤ የተሰበረ ስክሪን አጥፍቶ በማብራት አይድንም።

እንቅልፍ የምንለው ምንድር ነው? በተለመደው እንቅልፍ ጊዜ ዋናው ሜሞሪ ብቻ ጥቂት ኃይል እያገኘ የያዘውን ይጠብቃል፤ ምስል የሚሠራው ግራፊክስና ስክሪኑ ግን ኃይላቸው ይቋረጣል። ሲነቃ፤ ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም የምስሉን ስፋትና ፍጥነት ለግራፊክሱ እንደገና ከመጀመሪያው መንገር አለበት። አንዲት ነገር ከዘለለ ምስሉ ይዛባል። ግራፊክሱ የራሱ ሜሞሪ ያለው እንደሆነ ደግሞ ሥራው ይከብዳል፤ በዚያ ሜሞሪ ያለው ሁሉ ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋልና፤ ከመተኛቱ በፊት ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ አለበት። ኤንቪዲያ ለሊኑክስ ድራይቨሩ ያወጣው መመሪያ ይህንኑ ይገልጻል። በብዙዎቹ የድራይቨሩ እትሞች የሚጠበቀው አስፈላጊው ክፍል ብቻ ነው፤ ሁሉም እንዲጠበቅ የሚያዝ ማስተካከያ ግን አለ። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ካላችሁ፤ መመሪያውን ሳታነቡ ስክሪን አትግዙ።

የእኛዎቹ ግራፊክሳቸው የሚጠቀመው በዋናው ሜሞሪ ነው፤ ስለዚህ ምክንያቱን በሌላ በኩል ፈለግን። ምስሉ በተዛባ ጊዜ በኮምፒዩተሩ በራሱ የስክሪኑን ፎቶ አንስተን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ አየነው፤ ፎቶው ንጹሕ ነበር። እንግዲያውስ ሥዕሉ በደንብ ተስሏል፤ የተበላሸው ወደ ስክሪኑ ሲሄድ ነው ማለት ነው። ቀጥለን ኮንትሮል፤ አልትና ኤፍ 3 የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነን ወደ ጽሑፍ ገጽ ሄድንና ተመለስን። ይህ ድራይቨሩ ስክሪኑን እንደገና እንዲያዘጋጅ ያስገድደዋል። ሦስቱ ወዲያው ቀኑ። አራተኛው አልቀናም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በብዙ ላፕቶፖች ምስሉ ሳይለወጥ ሲቆይ፤ ስክሪኑ የመጨረሻውን ምስል በራሱ ትንሽ ሜሞሪ ይዞ ራሱን ያድሳል፤ ግራፊክሱም ያርፋል። ባትሪ ለመቆጠብ መልካም ዘዴ ነው፤ ዳሩ ግን ስክሪኑና ድራይቨሩ አንዳንድ ጊዜ አይግባቡም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ፤ ግረብ በሚባለው የማስነሻ ገጽ ላይ፤ ይህን ዘዴ የሚያስቀር ትእዛዝ ጨመርን። እዚያ የተጻፈ ትእዛዝ የሚሠራው ለዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፤ ቢሳሳት እንኳ ጉዳት የለውም። ሃያ ጊዜ አስተኝተን ሃያ ጊዜ ቀሰቀስናቸው። ሁለቱ አንድም ጊዜ አልተዛቡም፤ ከዚያ በኋላ ትእዛዙን በቋሚነት ጻፍንላቸው። ባትሪያቸው ትንሽ ቀደም ብሎ ያልቃል፤ ይህን ዋጋ ወደን ከፍለናል። ሦስተኛው ግን በዚህ አልዳነም፤ የቀናው ከርነሉን፤ ማለት የሊኑክስን ዋና ክፍል፤ በአዲስ እትም ስንተካለት ነው።

በዚህ ሁሉ አንድ ነገር ለውጠን ሳንፈትን ሌላ አልነካንም። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ አሥር ትእዛዝ ባንድ ጊዜ ገልብጦ መጻፍ ይወዳሉ፤ ኮምፒዩተሩ ቢድን እንኳ የትኛው እንዳዳነው ማን ያውቃል?

አራተኛው ገና ሊኑክስ ሳይነሣ፤ በፋብሪካው ማስተካከያ ገጽ ላይ ሳይቀር መስመር ያሳያል፤ መስመሩም ክዳኑን ስናንቀሳቅስ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ችግሩ በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ገመድ ነው፤ ይህን ምንም ፕሮግራም አያድነውም። ገመዱ እስኪገኝለት ድረስ በመጻሕፍት ቤታችን ከውጭ ስክሪን ጋር ተያይዞ ተቀምጧል፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችም ይጽፉበታል።