የፋብሪካ ትራፊ፣ የታጨቀ ቤትና የሥጋ ዶሮ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጊዜ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ዶሮ ነው። ርእሱ ሲነገር ከኋላ ወንበር ሳቅ ሰምቻለሁ፤ አልቀየምም። ነገር ግን ከመካከላችን ተመርቆ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ከጓደኞቹ ጋራ ገንዘብ አዋጥቶ የዶሮ ቤት ለመክፈት የሚያስብ ብዙ ስለ ሆነ፣ የሚሥቀውም ሰው ነገ ሊያገኘው ይችላልና ጥቂት ይታገሠኝ።

የነገሩ መነሻ ይህ ነው። የሥጋ ዶሮ ለማሳደግ ከሚወጣው ገንዘብ ከመቶ 60 እስከ 70 የሚሆነው የሚሄደው ለመኖ ነው። ጥሩ የሚባለው መኖ ደግሞ በአብዛኛው በበቆሎና በአኩሪ አተር የተሠራ ነው። በቆሎ የሰው ምግብ በሆነበት አገር ሰውና ዶሮ በአንድ ጆንያ ላይ ሲሻሙ ማየት ደስ አያሰኝም። በሌላ በኩል የዱቄት ፋብሪካው ፉርሽካ፣ የዘይት መጭመቂያው የኑግ ፋጉሎ፣ የቢራ ፋብሪካው የገብስ አተላ፣ የስኳር ፋብሪካው ሞላሰስ ከሰው ገበታ የማይቀርቡ ነገሮች ናቸው። ዶሮ እነዚህን ወደ ሥጋ ከለወጠችልን ትልቅ በረከት ነው። ስለዚህ ይህን ሐሳብ ልቃወም አልመጣሁም። የምቃወመው ከእርሱ ጋራ ተጣብቆ የሚመጣውን ሌላውን ሐሳብ ነው፤ ይኸውም «መኖው ከረከሰልን በዚያችው ክፍል እጥፍ ጫጩት እናስገባ» የሚለው ነው።

ይህን ስሕተት ራሴ ሠርቼዋለሁ። ሦስት ሆነን በተከራየናት 20 ካሬ ሜትር ክፍል ውስጥ 400 ጫጩት አስገባን። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ፉርሽካና ፋጉሎ እያበዛን የመኖውን ወጪ ቀነስን፤ በወረቀት ላይ ትርፉ አማረልን። በአምስተኛው ሳምንት ግን በሩን ስንከፍት ዐይናችን ያነባ ጀመር። ጉዝጓዙ እንደ ጭቃ ተለጥፏል፤ ዶሮዎቹ መርገጫቸው ቈስሎ፣ ክንፋቸውን ጥለው ያለከልካሉ። ብዙዎቹ ሞቱ፤ የቀሩትንም ከስተው ሸጥናቸው። ጥፋቱ የጫጩት ሻጩም የመኖ ነጋዴውም አልነበረም፤ የእኛ የሒሳብ ጥፋት ነበረ።

ሒሳቡ የተሳሳተው የት ላይ ነው? እኛ መኖውን ለብቻ፣ ቤቱን ለብቻ አሰላን። እነርሱ ግን አንድ ናቸው፤ በመመገቢያው ገበታ ላይ የምናቀርበው ነገር ብዙው ዞሮ በጉዝጓዙ ላይ ያርፋልና። በታጨቀ ቤት ውስጥ ለዶሮ ጉዝጓዙ አልጋዋም መንገዷም የምትተነፍሰው አየርም ነው።

መጀመሪያ ውኃውን እንመልከት። አንድ የሥጋ ዶሮ 2 ኪሎ እስክትመዝን ድረስ በደኅና አያያዝ 3 ኪሎ ተኩል ያህል መኖ ትበላለች፤ የምትጠጣው ውኃ ደግሞ በክብደት የመኖውን እጥፍ ያህል፣ ማለት ወደ 7 ሊትር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 10 ዶሮ ቢኖር 70 ሊትር፣ 20 ቢኖር 140 ሊትር ይሆናል። ከዚህ ከፊሉ በትንፋሽ ይወጣል፤ ጥቂቱ በሰውነቷ ይቀራል፤ የተረፈው ከኩስ ጋራ ይወርዳል። መስኮቱ ያው፣ ሰጋቱራው ያው፣ ውኃው ግን እጥፍ ነው።

ሁለተኛው የመኖው ጠባይ ነው። ዶሮ እንደ በሬ የሚያመሰኳ ሆድ የላትም፤ የፋጉሎውንና የፉርሽካውን አሰር ልትፈጨው አትችልም። እንበልና ከምትበላው 100 ግራም ውስጥ 80ው ቢዋሐዳት 20 ይወርዳል፤ ትራፊ አብዝተን የሚዋሐዳት ወደ 70 ቢወርድ የሚጣለው 30 ይሆናል። ከ20 ወደ 30 ማለት ኩሱ በግማሽ ጨመረ ማለት ነው። በዚያም ላይ አሰር የበዛበት መኖ ኀይል ስለሚያንሰው፣ ዶሮዋ ጉድለቱን ለመሙላት ትንሽ ጨምራ ትበላለች።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። የኑግ ፋጉሎ ከመቶ 30 ያህል ፕሮቲን አለው ሲባል እንደሰታለን። ዶሮ የምትፈልገው ግን ፕሮቲን የተሠራባቸውን አሚኖ አሲዶች በልካቸው ነው። ከእነዚህም አንዱ ላይሲን የሚባለው በበቆሎም በኑግ ፋጉሎም ውስጥ ያንሳል። አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ ሥራ ፈት ይሆናሉ፤ ግንበኛው ድንጋይ ተከምሮለት ጭቃ እንዳጣ ማለት ነው። ዶሮዋም ያልተጠቀመችበትን ዩሪክ አሲድ አድርጋ ትጥለዋለች፤ በእርጥብ ጉዝጓዝ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ይህን ወደ አሞንያ ይለውጡታል። እንግዲህ ያን ቀን ዐይናችንን ያስነባን አሞንያ፣ በርካሽ ገዛነው ብለን የተደሰትንበት ፕሮቲን ነበረ።

ሞላሰስም እንዲሁ ነው። ጥቂት ሲጨመር መኖውን ያጣፍጣል፤ አቧራውንም ያስቀራል። ነገር ግን በውስጡ ያለው ፖታሲየም ብዙ ስለ ሆነ፣ ሲበዛ ዶሮዋን ውኃ ያስጠማታል፤ ኩሷንም ያቀጥነዋል።

አንዳንድ ሰው «ውጭ አገር ከዚህ የበለጠ ያጭቃሉ» ይል ይሆናል። እስቲ ይህንንም እንመርምር። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ2004 የኦክስፎርዷ ማሪያን ዶኪንስና ባልደረቦቿ በ10 ኩባንያዎች ውስጥ በ2.7 ሚሊዮን ዶሮዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ30 እስከ 46 ኪሎ የዶሮ ክብደት አድርገው አነጻጸሩ። ያገኙትም፣ ለዶሮዎቹ ደኅንነት ከብዛታቸው ይልቅ የአየሩና የጉዝጓዙ አያያዝ የበለጠ እንደሚወስን ነው። ይህን የሰማ ሰው ማጨቅ ተፈቀደ ብሎ እንዳይቸኩል፤ በጣም የታጨቁት እድገታቸው ዘግይቷል፤ አረማመዳቸውም ተበላሽቷል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2007 ባወጣው መመሪያ መደበኛውን ልክ 33 ኪሎ አድርጎ፣ ከዚያ የሚያልፍ አርቢ የአሞንያው መጠን ከአንድ ሚሊዮን እጅ 20 እንዳይበልጥ የሚቈጣጠር ቤት እንዲኖረው አስገድዷል። እኛ በዚያች ክፍል ያሰብነው፣ 20 ዶሮ በ2 ኪሎ ሲባዛ፣ 40 ኪሎ ነበረ፤ ማራገቢያ እንኳን አልነበረንም።

ስለ ሻጋታም ሳልናገር አላልፍም። በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ሞቱ። ምክንያቱ ሲመረመር ሻጋታ የገባበት የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ፤ መርዙም በኋላ አፍላቶክሲን ተባለ። በ2016 በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ባለ የወተት ላም መኖ ላይ ታትሞ የወጣ ጥናት ደግሞ የዚሁ መርዝ ዋና መንገድ የኑግ ፋጉሎ መሆኑን አሳይቷል። መርዙ በዐይን አይታይም፤ መኖውን በማብሰል ብቻም አይጠፋም። የታጨቀች፣ አየር ያጠራት ዶሮ ላይ ሲደርስ ደግሞ የበሽታ መከላከያ ኀይሏን ያዳክመዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኔ ከጥፋቴ የተማርሁትን እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፤ ዶሮን በራስ ሳይሆን በኪሎ እንቍጠር፤ የምንቈጥረውም ጫጩቱ በገባበት ቀን ሳይሆን በሚሸጥበት ቀን የሚኖረውን ክብደት ነው። ማራገቢያ በሌለው ቤት 10 ዶሮ በካሬ ሜትር፣ ማለት 20 ኪሎ፣ ይበቃናል።

ሁለተኛ፤ ትራፊውን ለትንንሽ ጫጩቶች አንስጥ። ሦስት ሳምንት ካለፋቸው በኋላ ከመቶ 5 እጅ ጀምረን፣ በየሳምንቱ ጥቂት ዶሮዎች እየመዘንን ብቻ ከፍ እናድርግ። ፋጉሎ ስንጨምር የላይሲኑን ጉድለት የሚሞላ፣ እንደ አኩሪ አተር ያለ፣ አብሮ ይግባ።

ሦስተኛ፤ የቢራ አተላ ሲመጣ ከመቶ 75 እስከ 80 ውኃ ነው፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ይበላሻል። በመጣበት ቀን በፀሐይ በስሱ አስጥተን አድርቀን ካልሆነ በቀር ወደ ዶሮ ቤት አይግባ። ፋጉሎውም ከመሬት ከፍ ብሎ በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ፤ የሻገተውን መጣል እንጂ ከደኅናው ጋራ መቀላቀል አይገባም።

አራተኛ፤ በየማለዳው ከጉዝጓዙ አንድ እፍኝ ጨብጠን እንልቀቀው። ከተበተነ ደኅና ነው፤ እንደ ሊጥ ከተያያዘ ግን ወይ ትራፊው በዝቷል፣ ወይ ዶሮው በዝቷል፣ ወይ አየሩ አንሷል፣ ወይም መጠጫው ያፈሳል። ይህ ምርመራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጐንበስ ማለት ብቻ ነው የሚፈልገው። እኛ ሦስታችን መኖ ስንመዝንና ብር ስንቈጥር አንድ ቀን እንኳን ጐንበስ አላልንም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ አባቶቻችን «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» ይላሉ። በእኛ ቤት ግን ካራውን ጭረን ያወጣነው እኛ ነን። ከትራፊው ያገኘነውን ቍጠባ ለዶሮዋ ቦታና ለደረቅ ጉዝጓዝ ብናውለው ሥጋ ሆኖ ይመለስልናል፤ ተጨማሪ ጫጩት ብንገዛበት ግን አሞንያ ሆኖ በመስኮት ይወጣል። የሚቀጥለውን ቤት ስንከፍት 200 ጫጩት እናስገባለን። መጥቶ ጉዝጓዙን ሊጨብጥ የሚወድ ሁሉ በሩ ክፍት ነው።