መጋረጃ በር አይደለም

(በዘንድሮው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ኤአይ ትንሽ በለን» ሲሉኝ፣ ስለ ሩቁ ጊዜ ከማውራት እዚህ የተቀመጥነውን በቀጥታ የሚመለከት ነገር ላንሣ ብዬ አሰብኩ። ብዙዎቻችን ከሥራችን ሌላ አንድ በጎ አድራጎት ማኅበር እናግዛለን። ሕፃናት የሚያሳድግ፣ አረጋውያን የሚጦር፣ ተማሪዎች የሚመግብ ማኅበር ቦርድ ውስጥ ያላችሁ አላችሁ፤ ሒሳብ የምትይዙም አላችሁ።

እነዚህ ማኅበራት መተግበሪያ የሚያሠሩበት ገንዘብ ኖሯቸው አያውቅም። መዝገባቸው ወይ ደብተር ነው፣ ወይ ኤክሴል። አሁን ግን ኮድ ጽፎ የማያውቅ ሰው «የተረጂዎች መመዝገቢያ ሥራልኝ» ብሎ ለኤአይ ይጽፍለትና፣ ጠዋት የጀመረውን ማታ ይዞ ይመጣል። ይህ መልካም ነገር ነው። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ የሚያስፈልጋትን ቅጽ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ራሷ ብትሠራው ደስ ይለኛል። የማነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ መዝገቡን ማን ቆለፈው?

አንድ ስሙን የማልጠቅሰው ማኅበር እንዲህ ያለ አፕ ሠርቶ «እስቲ እየው» አለኝ። የመግቢያ ገጹ ያምራል፤ ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። እኔ ግን በመግቢያው አልገባሁም። አፑ ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገርበትን አድራሻና ቁልፍ ከብሮውዘሬ ውስጥ አውጥቼ ዳታቤዙን በቀጥታ ጠየቅሁት። የሕፃናቱ ስም፣ የአሳዳጊዎቻቸው ስልክ፣ የጤና ሁኔታቸው ተዘርግፎ መጣ። ከአሥር ደቂቃ በላይ አልፈጀም።

እንዴት ሆነ? በስክሪን የምናየው ገጽ መጋረጃ ነው። መዝገቡ ያለው ከጀርባው፣ ዳታቤዙ ውስጥ ነው። ያ ቁልፍ በብሮውዘር ውስጥ መታየቱ በራሱ ችግር አይደለም፤ ሲሠራም እንዲታይ ተብሎ ነው። ጥበቃው መምጣት ያለበት በዳታቤዙ በየሠንጠረዡ ላይ ከሚጻፍ ሕግ ነው፦ «ያልገባ ሰው ምንም አያይም፤ የገባችው ሠራተኛም የራሷን ቀበሌ ሰዎች ብቻ ታያለች»። ሕጉ ከሌለ መጋረጃውን ሳይነኩ በጓሮ ዞሮ መግባት ይቻላል። ኤአዩ ደግሞ «እንዲሠራ» እንጂ «እንዲቆለፍ» ካልተጠየቀ፣ የሚሠራ ነገር ሰጥቷችሁ ዝም ሊል ይችላል።

ይህ የአንድ ማኅበር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ላቨብል በተባለው መሣሪያ ከተሠሩ 1,645 አፖች ሲመረመሩ፣ 170ዎቹ የሰዎችን መረጃ ለማንም የሚያሳዩ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱም ይኸው ያልተጻፈ ሕግ ነበር። ኤአይ ከመምጣቱ በፊትም ነበረ፦ በ2021 በማይክሮሶፍት ፓወር አፕስ በተሠሩ ገጾች 38 ሚሊዮን መዝገቦች ተጋልጠው ተገኝተዋል፤ ጥበቃው ሰው ካላበራው በቀር ጠፍቶ ስለሚጀምር ነበር።

«እኛን ማን ይፈልገናል?» የሚል አይጠፋም። ወገኖቼ፣ የባንክ ደንበኛ ካልተመቸው ባንክ ይቀይራል። ተረጂ ግን የት ይሄዳል? ስሟን ካልሰጠች ዘይቱን አታገኝም። ቫይረሱ በደሟ ያለባት እናት ለጎረቤት ያልነገረችውን ለእኛ ነግራናለች። ከባሏ ዱላ የሸሸች ሴት ያለችበትን ቤት እኛ መዝግበናል። ያ ዝርዝር ከወጣ ተመልሶ አይገባም። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ እንኳ የከ515,000 በላይ ሰዎች መረጃ እንደተሰበረበት በ2022 መጀመሪያ አስታውቋል፤ ብዙዎቹ በጦርነት፣ በስደትና በአደጋ ከቤተሰብ የተለዩ ነበሩ። አገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች። «ኤአይ ነው የሠራው» ብሎ ማምለጥ አይቻልም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አምስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ አፕ ከመሥራታችሁ በፊት የተዘጋጀ ነገር ፈልጉ። ለምዝገባና ለዳሰሳ ኮቦ ቱልቦክስን የመሰለ፣ የእርዳታ ድርጅቶች ለዓመታት የተጠቀሙበት መሣሪያ አለ። የማትጠቀሙበትንም አትመዝግቡ። ያልተጻፈ አይሰረቅም።

ሁለተኛ፣ እስኪረጋገጥ ድረስ በውሸት ስም ብቻ ሞክሩ። በ2025 የሬፕሊት ኤአይ፣ ምንም እንዳይነካ ተነግሮት ሳለ፣ በሥራ ላይ የነበረ ዳታቤዝ አጥፍቷል። መሞከሪያውና እውነተኛው መዝገብ ይለያዩ፤ ቅጂም ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ቁልፉን ራሳችሁ ፈትኑ። ሁለት የሙከራ ሠራተኞች ክፈቱ፤ አንዷ የሌላዋን ሰዎች ታያለች? በአድራሻው ላይ ያለውን ቁጥር ብትቀይሩ የሌላ ሰው ፋይል ይመጣል? ሳትገቡ ዳታቤዙን ብትጠይቁ ምን ይመልሳል? ፎቶና መታወቂያ የሚቀመጥበትንም አትርሱ፤ ሠንጠረዡ ተቆልፎ የፎቶው ማኅደር ክፍት ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ አካውንቱ በማኅበሩ ስም ይሁን እንጂ በአንድ በጎ ፈቃደኛ የግል ኢሜይል አይሁን። ልጁ ውጭ አገር ሲሄድ መዝገቡ አብሮት ይሄዳል። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ፤ ሥራ የለቀቀ ሰው መግቢያው በዚያው ቀን ይዘጋ።

አምስተኛ፣ ከሠሪው ሌላ ሰው ይየው። ኤአዩን «ደህና ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይከፋም፤ ግን ቤት የሠራውን ሰው ብቻ ስለ ቤቱ እንደ መጠየቅ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ ቀዳዳውን ከጅቡ በፊት ሌላ ዓይን ይፈልገው።

ልመናዬም እዚህ ላይ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማራችሁ አላችሁ፤ በባንክና በቴሌኮም ዳታቤዝ የምትጠብቁ አላችሁ፤ ሕግ የምታውቁም አላችሁ። ለማኅበራችን በየዓመቱ መዋጮ እናወጣለን። ዘንድሮ ከገንዘቡ በተጨማሪ አንዳንድ ቅዳሜ እናዋጣ። አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ማኅበር፣ አንድ አፕ። ሦስተኛው ላይ ያልኳቸውን ጥያቄዎች ለመፈተን ግማሽ ቀን ይበቃል። ቀዳዳ ከተገኘ እስኪደፈን አፑ ይዘጋ፤ ሥራው ለጊዜው ወደ ደብተር ይመለስ። ደብተር ቢያንስ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል።

የስም መጻፊያው ወረቀት በጸሐፊያችን ጠረጴዛ ላይ አለ። የመጀመሪያውን መስመር እኔ ሞልቼዋለሁ፤ ሁለተኛው ባዶ ነው። ቡና ከመቅረቡ በፊት እለፉበት።