የኡሻንቶው መሐንዲስ



ስለ ታላላቅ ግድቦች ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ቁመታቸውንና የሚይዙትን የውሃ መጠን ነው። የሠሩአቸው ሰዎች ስም ግን ከፕላኑ ግርጌ ካለው ፊርማ አልፎ የሚታወቀው ከስንት አንዴ ነው። ዛሬ በፊታችሁ የማነሣው ሰው ሃታ ዮይቺ ይባላል። በጃፓን ቅኝ ግዛት ዘመን በታይዋን ደሴት ያገለገለ የመንግሥት መሐንዲስ ነበር። ገዥ አልነበረም፤ ሚኒስትርም አልሆነም። በተወለደበት አገርና በሠራበት ደሴት ስሙ ቢነሣም፣ በእኛ ዘንድ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ይመስለኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ሃታ በ1886 በካናዛዋ ተወለደ። በ1910 ከቶኪዮ ንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምሕንድስና ተመርቆ ወዲያው ወደ ታይዋን ተሻገረና በጠቅላይ ገዥው መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። ጃፓን ደሴቲቱን ከቻይና የወሰደችው በ1895 ነበርና መሥሪያ ቤቱ ገና በመስፋፋት ላይ ነበር። ወጣቱ መሐንዲስ በሰሜን የታኦዩዋንን መስኖ በመሥራት ሙያውን ካሟሸ በኋላ፣ በደቡብ ምዕራብ ያለውን የቺያናንን ሜዳ እንዲያጠና ተላከ።

ይህ ሜዳ በደሴቲቱ ካሉት ሁሉ ሰፊው ነው። ሆኖም በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት በጎርፍ ይጥለቀለቃል፣ ወደ ባሕሩ ሲጠጉም አፈሩ ጨዋማ ነው። ሃታ ያቀረበው ፕላን 150,000 ሄክታር ያህል መሬት የሚያጠጣ ነበር። አለቆቹ በወጪው ብዛት ደነገጡ። ዳሩ ግን በ1918 በጃፓን የሩዝ ዋጋ ንሮ ሕዝቡ ስላመፀ፣ መንግሥት ሩዝ ከቅኝ ግዛቱ ለማግኘት ቸኩሎ ነበር። ፕላኑ የጸደቀው ለታይዋን ገበሬ ከማዘን ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መገንዘብ ይቻላል። ሥራው በ1920 ተጀመረ። ወጪውን መንግሥትና በመስኖው የሚጠቀሙት ባለመሬቶች ማኅበር ተካፈሉት፤ ሃታም የመንግሥት ሹመቱን ትቶ የማኅበሩ ተቀጣሪ በመሆን ሥራውን በቦታው ተገኝቶ መራ።

አሁን ወደ ግድቡ ልግባ፤ እኛን መሐንዲሶችን ይበልጥ የሚስበን እርሱ ነውና። የኡሻንቶው ግድብ 1,273 ሜትር ርዝመትና 56 ሜትር ቁመት ያለው የአፈር ግድብ ነው። ውሃው የሚመጣው ከዜንግዌን ወንዝ ሲሆን፣ ተራራውን ሰንጥቆ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሄድ ዋሻ ያልፋል። ሃታ የመረጠው ዘዴ በእስያ እምብዛም ያልተሞከረ ነበር። ድንጋይ፣ ጠጠር፣ አሸዋና ሸክላ የተቀላቀለበት አፈር በሁለቱ ጎኖች ይከመራል፤ ከዚያም በኃይለኛ የውሃ ግፊት ይታጠባል። ከባዱ ከውጭ ሲቀር፣ ደቃቁ ሸክላ ወደ መካከል ፈስሶ ይረጋና ውሃ የማያሳልፍ እምብርት ይሆናል። መሬት በሚንቀጠቀጥበት ደሴት ላይ ግትር ግንብ ከማቆም ይልቅ እንዲህ ያለውን አካል መምረጡ ማስተዋል ነው እላለሁ። ዘዴውን ለማየትና በእንፋሎት የሚሠሩ ቆፋሪ መኪናዎችን ለመግዛት በ1922 ወደ አሜሪካ ተጉዟል። በዚያ ዘመን በሰው ጉልበት መሥራት ርካሽ ነበርና ለመኪና የወጣው ገንዘብ ብዙ አስወቅሶታል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ በዋሻው ውስጥ ጋዝ ፈንድቶ ከ50 በላይ ሠራተኞች ሞቱ። በ1923 ደግሞ ቶኪዮን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ የመንግሥትን ካዝና አራቆተ፤ ለመስኖው የተመደበውም ገንዘብ ተቀነሰ። ሃታ ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉን ለማሰናበት ሲገደድ በቅድሚያ ያሰናበተው ብርቱዎቹን ነው ይባላል፤ እነርሱ ሌላ ሥራ አያጡም በሚል ምክንያት። ለሥራው ጥራት የሚጨነቅ መሐንዲስ ይህን ውሳኔ ሊቀበለው ይከብደዋል፤ እኔም በእርሱ ቦታ ብሆን ማድረጌን እጠራጠራለሁ።

ሥራው በ1930 ተፈጸመ። የቦዮቹና የውሃ ማስወገጃዎቹ ጠቅላላ ርዝመት 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በግድቡ አጠገብ የቆመው የመታሰቢያ ድንጋይ በሥራው ዘመን ያለፉትን 134 ሰዎች ስም ይዟል፤ ጃፓናዊና ታይዋናዊ ሳይለይ ተቀላቅለው ነው የተጻፉት። ቅኝ ገዥና ተገዥ በሁሉም ነገር በሚለያዩበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ከግድቡ የሚገኘው ውሃ ለመሬቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይበቃም ነበር። ሃታ ውሃውን ለጥቂቶች አትረፍርፎ ከመስጠት ይልቅ ለሁሉም ማዳረስን መረጠ። መሬቱ በሦስት ተከፍሎ ሩዝ፣ ሸንኮራ አገዳና ሌላ ሰብል በየዓመቱ እየተፈራረቁ እንዲዘሩበት ተደነገገ። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ነው። በመሬት ላይ ግን ገበሬው የሚዘራውን መምረጥ ቀረበት፤ አገዳው ለጃፓን ስኳር ፋብሪካዎች የሚሸጥ ነበር፤ የውሃው ክፍያም በትንንሾቹ ባለመሬቶች ላይ ከበደ። በአገሬው ቋንቋ የመስኖው ስም «ሰው ነካሽ» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚቀራረብ ገበሬዎቹ በዚያ ስም ያላግጡበት ነበር። ሃታን የሚያወድሱ ጽሑፎች ይህን ፌዝ ሲዘሉት ደስ አይለኝም። የመስኖ ሥራ በግድቡ ምርቃት አያበቃምና የገበሬው ቅሬታም የሥራው መዝገብ አካል ነው።

ደለሉንም መርሳት አይገባም። ማጠራቀሚያው መጀመሪያ ይይዝ ከነበረው 150 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውስጥ ግማሽ የሚጠጋውን ቦታ ጭቃ ወስዶበታል። በ1973 ከወንዙ በላይ የተፈጸመው የዜንግዌን ግድብ ባይደርስለት ኖሮ ችግሩ በባሰ ነበር።

ሃታ በኋላ ወደ መንግሥት ሥራ ተመልሶ በመሐንዲስነት ቀጠለ። በ1942 ጃፓን በያዘቻቸው ፊሊፒንስ ለጥጥ እርሻ የሚሆን መስኖ እንዲያጠና ሲላክ፣ የተሳፈረበት ታይዮ ማሩ የተባለ መርከብ ግንቦት 8 ቀን በአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ተመትቶ ሰጠመና በ56 ዓመቱ ሞተ። ጃፓን በተሸነፈች በ1945 መስከረም 1 ቀን ሚስቱ ቶዮኪ በኡሻንቶው የውሃ መልቀቂያ ገብታ ሕይወቷን አጠፋች።

የሥራ ባልደረቦቹ በ1931 ያቆሙለት የነሐስ ሐውልት ጫማውን እንደ ተጫማ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ወደ ፀጉሩ ሰዶ ሲያስብ ያሳየዋል። በጦርነቱ ጊዜ ብረታ ብረት ሁሉ ሲሰበሰብ ሐውልቱ ጠፋ፤ በኋላ ከመጋዘን ተገኝቶ፣ የጃፓንን መታሰቢያ ማቆም በማይወደድበት ዘመን ተደብቆ ኖረ። ወደ ግድቡ የተመለሰው በ1981 ነው። በ2017 በሚያዝያ ወር አንድ ሰው ስለ ቅኝ አገዛዙ ተቃውሞ የሐውልቱን ራስ በመጋዝ ቆረጠው። የደሴቲቱ ሰዎች ጭንቅላቱን አሠርተው የግንቦት 8ቱ የሙት ዓመት ከመድረሱ በፊት መለሱለት፤ መታሰቢያውም በዚያ ዓመት እንደ ወትሮው ተከበረ።